ክረምት የሚታሰር ሞተር

በአቃቂ ወንዝ ግራና ቀኝ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን የሚያመርቱ የቃሊቲ ሰዎች «ሞተር» ሲሉ የሚያወሩት ስለ መኪናም ስለ ሞተር ሳይክልም ሳይሆን፣ ቤንዚን እየጠጣ ውሃ ስለሚተፋው፣ አንድ ጎረምሳ በትከሻው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ግራና ቀኝ ይዘው ከቤት ወደ ወንዝ ሊያደርሱት ስለሚችሉት ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በባለሙያ ዓይን ሲታይ በአንድ የብረት ቃሬዛ ላይ የተፈጸመ የሁለት ነገሮች ጋብቻ ነው፤ አንደኛው ቤንዚን አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጨው ሞተር፣ ሁለተኛው በዚያ ኃይል እየተሽከረከረ ውሃውን ከወንዙ ወደ ማሳው የሚገፋው ፓምፕ ሲሆን፣ እንደ ብዙ ጋብቻ ሁሉ በዚህም ውስጥ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ስሙ የሚነሣው የአንደኛው ወገን ብቻ ነው። ፓምፑ አሸዋ ቢጎርስም፣ ቱቦው ቢቀደድም፣ የቱቦው ወንፊት በፌስታል ቢታፈንም «ሞተሩ እምቢ አለ» ይባላል።

ይህ ሞተር የዓመቱን ሥራ የሚጀምረው መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የእርሱ ሲሆን፣ ሰኔ ሲገባ ግን ሰማዩ ሥራውን በነፃ ስለሚረከበው ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ ቤት ይገባል። መነሣቱ የውዴታ ጉዳይ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ተራሮችና ሰፈሮች የወረደውን ጎርፍ ሁሉ ተሸክሞ የሚመጣው አቃቂ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በሐምሌና በነሐሴ ሞልቶ ሲፈስ ያገኘውን ጠራርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ስለሚያወርድ፣ በዳር የተረሳ ሞተር የባለቤቱ ንብረት መሆኑ ቀርቶ የደለል ንብረት ይሆናል። በአዲስ አበቤዎች አነጋገር «ቃሊቲ ወረደ» ማለት «ታሰረ» ማለት ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ በራሱ በቃሊቲ ግን በየዓመቱ ያለ ክስና ያለ ዋስትና አራት ወር ያህል ታስሮ የሚፈታ ፍጡር ቢኖር ይህ ሞተር ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለጎብኚዎች ያስተዋወቁበት «የ13 ወር ፀጋ» የተሰኘ መፈክር ሞተሩ እንዲፈርምበት ቀርቦለት ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ ወደ 8 ዝቅ ካላለ አልፈርምም ማለቱ አይቀርም ነበር።

በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ሠርቶ በቀረው ጊዜ የሚያንቀላፋ ትንሽ ሞተር የቃሊቲ ብቻ እንዳይመስል፣ እጅግ ሩቅ አገር የሚኖር አንድ የሥጋ ዘመዱን ማንሣት ተገቢ ነው። በፊንላንድ፣ በካናዳና በአሜሪካዋ ሚኔሶታ ሐይቆች በብርዱ ወራት እንደ ሲሚንቶ ወለል ስለሚጠጥሩ፣ ዓሣ አጥማጁ ሐይቁ ላይ በእግሩ ይቆምና በቤንዚን ሞተር የሚሽከረከር ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ ይዞ አንድ ስንዝር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበሳል፣ መንጠቆውንም በዚያ ቀዳዳ ያወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ለማግኘት ሲደክም ለኖረ ሰው፣ ውሃን እንደ ግድግዳ የሚበሱ ሰዎች አሉ ብሎ መንገር ቀልድ ይመስላል፤ ቃሊቲ የምታውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበው ጠጠርና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰላጣውን የሚያቃጥለው ውርጭ ሲሆን፣ ሁለቱንም ለመብሳት ሞተር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ዘመዳሞች የሚያርፉት በአንድ ሰሞን ነው፤ ያኛው በሐምሌ ሙቀት፣ ይኸኛው በሐምሌ ዝናብ ጥግ ይዘው ይተኛሉ፣ ሁለቱንም በእንቅልፋቸው የሚገድላቸው በሽታም አንድ ነው፤ እርሱም ሲተኙ በሆዳቸው የቀረ ቤንዚን ነው።

ወደዚህ በሽታ ከመድረሱ በፊት ግን ለሞተሩ ገላ የሚደረገውን እንክብካቤ መመልከት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ክረምቱ አያያዝ የሚሰነዘር ወቀሳ ሁሉ ከፍቅር ማነስ ሳይሆን ከፍቅር ቦታ መሳሳት የሚነሣ ነው። ሞተሩ በቤት ውስጥ የሚያድርበት ቦታ ባለቤቱ ማንን እንደሚፈራ ያሳብቃል፤ ሌባ የሚፈራ ከአልጋው ሥር ያስገባዋል፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ከፍ ባለ ሣጥን ላይ ያወጣዋል፣ ተበዳሪ የሚፈራ ደግሞ ከእህሉ ጀርባ ሸሽጎ «ልጁ አገር ቤት ወስዶታል» ይላል። ከአልጋ ሥር የሚለው ምርጫ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል፣ በዚያው ክፍል የሚጫር ክብሪት ወይም የሚቀጣጠል ከሰል ካለ የሚነሣው ጣጣ ከሞተሩም ከአልጋውም ዋጋ በላይ ነው። የቤቱ እመቤት ሽታው ስለረበሻቸው በየምሽቱ የሚያሰሙት ማጉረምረም ከየትኛውም የደህንነት መመሪያ ያላነሰ ትክክል ሲሆን፣ እንደ መመሪያዎቹ ሁሉ ሰሚ የለውም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ማልበስ ይከተላል። ሞተሩ በመጀመሪያ በማዳበሪያ ጆንያ ይጠቀለላል፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ይደረብለታል፣ ወገቡም በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሥራውን የጨረሰው ሰው ራቅ ብሎ ሲመለከተው ሕፃን አዝሎ ያሰናዳ ያህል ደስ ይለዋል። ችግሩ ላስቲክ የማይተነፍስ መሆኑ ላይ ነው፤ በሰኔ እርጥበት የተሸፈነ ብረት እርጥበቱን ይዞ ስለሚሸፈን፣ በቀን ሲሞቅና በሌሊት ሲበርድ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ያልበዋል፣ ላቡም ተመልሶ ብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። የሞተር ሠሪ ፋብሪካዎች መመሪያ ላስቲክ አታልብሱ፣ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይበቃል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያረጀ አንሶላ ከአዲስ ላስቲክ ይሻላል የሚለውን ትምህርት ግን ላስቲኩን በገንዘቡ የገዛ ሰው በቀላሉ አይቀበለውም። የአይጥም ነገር አለ፤ አየር ማጣሪያው ውስጥ ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ዝናብ ለሸሸች እናት አይጥ ከዚያ የተሻለ የማይገኝ አራስ ቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች፣ ከጆንያውና ከላስቲኩ ሥር፣ ዋናው ጉዳይ በጸጥታ እየተበላሸ ነው። ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ ሳይሆን የቀላልና የከባድ ፈሳሾች ድብልቅ ሲሆን፣ ሞተር በማለዳ ብርድ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርጉት ቀላሎቹ ቀድመው ተንነው ይሄዳሉ፤ የቀሩት ደግሞ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ሙጫ ይለወጣሉ። ለዚህ ለውጥ ከአንድ እስከ ሦስት ወር በቂው ነው፣ የቃሊቲ ክረምት ደግሞ ከሦስት ወር አያንስም። ካርቡራቶር የሚባለው፣ ቤንዚንና አየርን በልክ አቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ክፍል፣ ቤንዚኑን የሚያሳልፍባት ቀዳዳ ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለሆነች፣ እርሷን ለመድፈን ብዙ ሙጫ አያስፈልግም። በዚህ ላይ የኤታኖል ነገር ይጨመራል፤ ኤታኖል ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል ሲሆን፣ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ እየመጣ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ እንዲቀላቀል ተደርጎ ነበር። አልኮል እርጥበት ይወዳል፤ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይጠጣል፣ ከልክ ሲያልፍም ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል። እንዲህ ያለ ቤንዚን ሐምሌን በሰልባቲዮ፣ ማለትም በሞተሩ የቤንዚን ጋን፣ ውስጥ ካሳለፈ፣ ሰክሮ ውሃ ላይ እንደተኛ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ የቃሊቲው ሰው ይህን ቤንዚን ሰኔ ላይ ለምን አያራግፈውም? መልሱ ከስንፍና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቤንዚን በመኪና ላልመጣ ሰው በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው፤ በጀሪካን ለመቅዳት አምራች መሆንንና ሞተር መኖርን የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን ለማግኘት መመላለስ አለ፣ ከደብዳቤው በኋላ ሰልፍ አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክፍያው በስልክ ሆኖ በሰልፉ መካከል ኔትወርክ መጠበቅ ተጨምሯል። ይህን ሁሉ አልፎ የተገኘን ቤንዚን «አፍስሰው» ብሎ መምከር፣ በደብዳቤና በማኅተም የመጣን እንግዳ ከበር እንደመመለስ ይቆጠራል። ስለዚህ አምራቹ የሰልባቲዮውን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ ይመለከታል፣ ሞተሩን ነቅነቅ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር እንዳለ ካረጋገጠ በኋላ ክዳኑን ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቆ ይዘጋውና ለመስከረም አስቀመጥኩ ብሎ ይተኛል። እንዲህ ያለው ቁጠባ የሁለት ሊትር ቤንዚን ዋጋ አድኖ የካርቡራቶር ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ስሌት ያውቃል፤ ስሌት ግን በሰኔ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም።

መደረግ ያለበት ሥራ በራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሥራውን ከመግለጽ በፊት ግን አንድ የቋንቋ ጉዳይ መነሣት አለበት፤ በዓለም ላይ የተስፋፋው የዚህ ሞተር ቅርጽ ሆንዳ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ማምረት ከጀመረው ጂኤክስ ከተሰኘው ዝርያ የተወረሰ ነው፣ ቻይናውያንም እስከ ቡሎኑ ድረስ አመሳስለው ይሠሩታል፣ በቃሊቲ ጋራዥ ሲፈታ ግን የአካሉ ስም አብዛኛው ጣልያንኛ ነው። ሰልባቲዮ የቤንዚኑ ጋን፣ ካንዴላ እሳቱን የምትጭረው፣ ማርሚታ ጭሱንና ጩኸቱን የሚውጠው፣ ፊልትሮ ማጣሪያው ነው፤ መፍቻዎቹም ካቻቢቴና ፒንሳ ናቸው። ጣልያን ከአገር በወጣ በስንት ዘመኑ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሞተር በአማርኛ ለመታከም በጣልያንኛ አድርጎ መግባቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ገና ያልደረሱበት ነገር ነው።

እንግዲህ ሰኔ ላይ በቅድሚያ የሰልባቲዮው ቤንዚን ወደ ጀሪካን ይገለበጣል፣ ባለመኪና ዘመድ ካለም ሳያረጅ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ ሞተሩ ይነሣና በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ ከካርቡራቶሩ ታች ያለችው ትንሽ ቡሎን ላላ ተደርጋም የመጨረሻዋ ጠብታ ትወርዳለች። ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ዘይቱ ይቀየራል፤ በጋውን ሙሉ ያገለገለ ዘይት አሲድና ጥላሸት ስለሚይዝ ክረምቱን በውስጥ ካሳለፈ ብረት ይበላል፣ የሚያስፈልገውም አዲስ ዘይት ለጂኤክስ 160 ዓይነቱ 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያም ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ዘይቱ ሲሊንደሩን እንዲቀባ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ካንዴላውም ይመለሳል። የመጨረሻዋ ድርጊት ከሁሉ ረቂቅ ናት፤ ገመዱ እጅን ያዝ አድርጎ እስኪከብድ ድረስ ይሳብና በዚያው ይተዋል፣ ይህም አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ሁለቱም በሮች የተዘጉበት ጊዜ ስለሆነ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ መግቢያ ያጣል። በላስቲክ አጊጦ የሚተኛው ሞተር ብዙ ጊዜ በሩን ከፍቶ የሚተኛ መሆኑ እዚህ ላይ ይስተዋላል።

ፓምፑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ የአቃቂ ወንዝ ፓምፕ ሲሆን ጣጣው ይበዛል። ይህ ወንዝ ከላይ ሲመጣ የፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ ተቀብሎ ስለሚወርድ፣ ወንፊቱ ከውሃው ጋር ፌስታል፣ የጫማ ሶልና የሃይላንድ ክዳን ይለቅማል፤ በግንቦት መጨረሻ የተፈታ ፓምፕ የከተማዋን የዓመት ገበያ በአጭሩ ያሳያል። «ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» የሚለው ተረት በፓምፕ ሆድ ውስጥ በትክክል ይሠራል፣ ጠጠር የገባበት ፓምፕ ከሩቅ ይታወቃልና። ከማስቀመጥ በፊት በንጹሕ ውሃ አሽከርክሮ ማጠብና ከታች ያለውን መደፈኛ ፈትቶ ውሃውን ጨርሶ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ደለሉ በክረምት ጠጥሮ ተሽከርካሪውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ከሚኔሶታው ዘመዱ የሚሻልበት ነገር ቢኖር፣ በሆዱ የቀረው ውሃ ጠጥሮ ብረቱን የማይሰነጥቀው መሆኑ ነው።

ጥቅምት ሲመጣ የሚታየው ትዕይንት ይህ ሁሉ ያለመደረጉ ውጤት ነው። ሞተሩ ከላስቲኩ ተፈትቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ አምራቹ እግሩን ቃሬዛው ላይ ተክሎ ገመዱን ይስባል፣ ምንም የለም፤ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና አሥረኛው ስበት ይከተላሉ፣ በአሥራ አምስተኛው ጃኬቱ ይወልቃል፣ በሃያኛው ከአጠገቡ ማሳ አንድ ጎልማሳ «ጋሼ፣ እስቲ ለእኔ ይተዉልኝ» እያለ ይመጣል፣ እርሱም ያንኑ ገመድ ያንኑ ያህል ጊዜ ይስባል። በሳቢዎቹ ዙሪያ ከሚሰነዘሩት ምርመራዎች አንዱ «ከፍታው ነው» የሚል ሲሆን፣ ይህ አስተያየት ለሞተሩ አለመነሣት ምክንያት ባይሆንም ጨርሶ የሚናቅ አይደለም። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ከጃፓን በሙሉ ጉልበቱ የወጣው ቃሊቲ ሲደርስ ከአራት እጁ አንዱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው። ፓምፑም እንዲሁ ነው፤ ጣልያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 እንዳሳየው ውሃውን ከወንዙ እስከ ፓምፑ ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ክብደት እንጂ ፓምፑ አይደለም፣ ያም ክብደት በባሕር ዳርቻ ውሃን እስከ 10 ሜትር ከፍ ሲያደርግ በአቃቂ ከፍታ 8 ሜትር ላይ ይደክመዋል፣ በተግባር ሲታይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ሞተር ከወንዙ ሳይርቅ ዝቅ ብሎ መተከል አለበት፤ ይሁንና ዝቅ ብሎ የተተከለውን ነው ድንገተኛ ጎርፍ ቀድሞ የሚያገኘው።

አልፎ አልፎ ሞተሩ በተአምር ይነሣል፣ ነገር ግን ውሃ አይመጣም። ይህ የሚሆነው ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት ስላለበት ነው፤ ውሃ ሊሰጥ የተገዛው መሣሪያ አስቀድሞ ውሃ ካልተሰጠው አይሰጥም፣ ባዶውን ሲሽከረከርም «ሲል» የሚባለው፣ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት ተቃጥሎ ይጠፋል። አራት ወር ሙሉ ውሃ ያልነካውን ፓምፕ ማስጎንጨት የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ባለቤት ሳይሆን ተበዳሪው ነው፤ ሞተር «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ይወሰዳል፣ ከሦስት ቀን በኋላ በምስጋናና በአንድ እቅፍ ቆስጣ ታጅቦ ይመለሳል፣ የተቃጠለው ቀለበት የሚታወቀውም ቆስጣው ተቀቅሎ ከተበላ በኋላ ነው።

ሃያውም አርባውም ስበት ካልሠራ መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ በሰፈሩ እንደ ወጌሻ የሚከበር ሰው ነው፤ ብዙ አይጠይቅም፣ የሰልባቲዮውን ክዳን ከፍቶ አፍንጫውን ወደ ቀዳዳው ዝቅ ያደርግና የሚያውቀውን የቫርኒሽ ሽታ ሲያገኝ ቀና ይላል። ካርቡራቶሩን ፈትቶ፣ በሐምሌና በነሐሴ የተጋገረውን ሙጫ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጫፍ እየጠነቆለ ያወጣል፣ ቀዳዳዋን ወደ ሰማይ አንሥቶ ብርሃን ማሳለፏን ይፈትሻል፣ በአፉ ይነፋባታል፣ እንደገናም ወደ ሰማይ ያነሣታል። ከዚያ የከረመውን ቤንዚን ወገቡ ላይ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ያራግፈዋል፤ መልኩ ያገር ቤት ጠላ ይመስላል፣ ከሥሩም ለብቻዋ ተለይታ የተቀመጠች ውሃ ትታያለች። ትኩስ ቤንዚን በትንሽ ኩባያ ተጨምሮ ገመዱ ሲሳብ ሞተሩ በሁለተኛው ይነሣል፣ ቱቦው ያብጣል፣ ውሃውም ከአራት ወር በኋላ በቦዩ ውስጥ እየተንከባለለ ወደ ሰላጣው መደብ ይሄዳል። መካኒኩ ሂሳቡን ተቀብሎ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ ሳለ የተቆረጠውን ሃይላንድ ወደ ቁጥቋጦው ሊደፋ ብድግ ያደርጋል፣ አምራቹ ግን እጁን ይይዘውና ዕቃውን ተቀብሎ፣ ውሃዋን ከሥር አስቀርቶ ላይ ላዩን ወደ ቢጫ ጀሪካን ያንቆረቁራል፣ ክዳኑንም አጥብቆ ይዘጋል። ጀሪካኑ ማታ ወደ አልጋው ሥር ይመለሳል።